ሞተሩ ጅቡቲ ያለ መስሎት ነበር

  

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ በቆሎ ተባይም ስለ ኮምፖስትም አይደለም፤ ስለ ሞተር ነው። "ዲኤ ደግሞ ስለ ሞተር ምን አገባው?" የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ እኔ የግብርና ዲፕሎማ ያለኝ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን እዚህ ቢታ ገነት ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሞተር እንደ በሬ የሥራ መሣሪያ ሆኗል። ማዳበሪያ ያመጣል፣ ማርና ኮረሪማ ገበያ ያደርሳል፣ ሌሊት ሰው ሲታመም ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ እኔ ራሴ በሞተር ጉዳይ አንድ አርሶ አደር አሳስቼ ብዙ አስከፍያቸዋለሁ። ያንን ሳልነግራችሁ ዝም ብል ነገ ሌላ ዲኤ ወይም ሌላ ጎረቤት ያንኑ ስህተት ይደግመዋል።

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ግን ሞተር ያላችሁ፣ ወይም ዘንድሮ ከቡናው ሽያጭ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ምን ይሆናል?

ከምታውቁት ልጀምር። ባቄላ ቆላ ሲቀቀልና ደጋ ሲቀቀል እኩል አይበስልም። ደጋ ላይ እንጨቱ ያልቃል፣ ባቄላው ግን ገና ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እያነሰ፣ የሚጫነንም ክብደት እየቀለለ ይሄዳል። ጫናው ሲቀል ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። በባሕር ወለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ 2000 ሜትር ላይ በ93 ገደማ፣ 3000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል።

ሞተራችሁ የሚተነፍሰውም ይህንኑ አየር ነው። በባሕር ወለል ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ 1000 ሜትር ላይ 89 ገደማ ይሆናል። 2000 ሜትር ላይ 78 ገደማ፣ 3000 ሜትር ላይ 69 ገደማ ይደርሳል። የእኛ ካፋ ደግሞ ሜዳ አገር አይደለም። ከ500 ሜትር ገደማ ቆላ ተነስቶ ከ3000 ሜትር በላይ የሚወጣ አገር ነው። ጠዋት ጎጀብ ሸለቆ ውስጥ የነበረ ሞተር ከሰዓት በኋላ አዲዮ ደጋ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ቤንዚን ብቻውን አይነድም። አንድ ሊትር ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ወደ 11 ኪሎ አየር ይፈልጋል። "አየር ደግሞ በኪሎ ይመዘናል እንዴ?" አትበሉኝ፤ ይመዘናል። በባሕር ወለል 11 ኪሎ አየር ማለት ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 3፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ጎተራ የሚሞላ ነው። ደጋ ላይ ያው ጎተራ ይሞላል፣ ሲመዘን ግን ይቀላል። በምሳሌ ለመናገር ጆንያው ሙሉ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገለባ አለበት።

አሮጌዋ ሞተሬ ያስተማረችኝ

ሥራ ስጀምር የምነዳት ሞተር ባለ ካርቡሬተር ነበረች። ካርቡሬተር ኮምፒውተር የለውም፣ ሽቦ አያስፈልገውም። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ቤንዚኑን በትንሽ የናስ ቀዳዳ ስቦ ይወስደዋል። መካኒኮች ያችን ቀዳዳ ጄት ይሏታል። ቀዳዳዋ አንዴ ከፋብሪካ ተበስታ የመጣች ናት፤ ቆላ ናት ደጋ አታውቅም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሽቅብ ስትወጡ አየሩ በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ፣ በቀዳዳዋ የሚመጣው ቤንዚን የሚቀንሰው የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ እንደታፈነ ሰው ያቃስታል፣ ታንኩም ቶሎ ይጎድላል። የተረፈው ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ኢንጂኑን ያስበላል።

እኔ ይህን ስላየሁ፣ ዳገት ላይ ሲያቃስትብኝ ካንዴላ ፈትቼ በላጲስ ስለማጸዳ፣ የአየሯን ዊንጣ በካቻቢቴ ትንሽ ስለማስተካክል፣ ራሴን እንደ ግማሽ መካኒክ መቁጠር ጀመርኩ። ሰዎችም "ዲኤው ሞተር ያውቃል" ይሉኝ ነበር። ውዳሴ ደስ ይላል። ያሳሳተኝም እሱ ነው።

የጋሼ ሞተር

ከቀበሌዬ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የቡናና የማር ገንዘብ ሁለት ዓመት አጠራቅመው አዲስ ሞተር ገዙ። ባለ ኢንጀክሽን ነው። እኔ ስገዙ አላማከርኳቸውም፤ ሻጩ "ነዳጅ ይቆጥባል" ብሏቸው ነው። እውነትም ይቆጥብ ነበር። ብዙ ወር ያለ ምንም ችግር ነዱት። ልጃቸው ግን በየሳምንቱ ወንዝ አውርዶ፣ ወንበሩን ፈትቶ፣ በባልዲ ውሃ እየደፋ ያጥበዋል። ለንብረት ማሰብ ነው፣ ምን ይደረግ።

አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ላይ የኢንጂን ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። ሞተሩ ማቃሰት፣ ማጨስ፣ ቤንዚን መሽተት ጀመረ። ጋሼ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ሞተር ምን ነካው? ጥቁር ያጨሳል።"

እኔም ሳላይ፣ ከጣቢያዬ ሳልነሳ፣ በስልክ መለስኩ። "ጋሼ አይጨነቁ፣ ቤንዚን በዝቶበት ነው። ደጋ ስለሆነ ነው። ካርቡሬተሩን ያስጠብቡት፣ ይተወዋል።"

ሞተሩ ካርቡሬተር የለውም! የሰፈሩ ጎረምሳ እኔ ያልኩትን ዊንጣ ፍለጋ ፕላስቲኩን ፈታ፣ ሶኬት ነቀለ፣ መልሶ ሰካ፣ ያገኘውን ዊንጣ አዞረ። 800 ብር ተቀበለ። መብራቷ አልጠፋችም። ሌላ ጊዜ 700 ብር ተከፈለ። አሁንም አልጠፋችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍላችሁ ዛሬም ያፍረኛል። የጋሼ ባለቤት ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ የክትትል ቀናቸው ደርሶ ጋሼ በሞተሩ ይዘዋቸው ወጡ። መንገዱ መሃል ዳገቱ ላይ፣ በዝናብ፣ ሞተሩ ጠፋ፤ እምቢ አለ። ካንዴላው በጥላሸት ታፍኖ ነበር። ሴትዮዋ በዚያ ጭቃ በእግራቸው ጤና ጣቢያ ደረሱ። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆኑም። ግን ምጥ ቢሆንስ ኖሮ? ሌሊት ቢሆንስ ኖሮ?

ጋሼ አልተቆጡኝም። "አንተ ያልከኝን ነው ያደረግሁት" ብቻ አሉኝ። ይሄ ከቁጣ ይብሳል። በዚያው ሳምንት አንድ ነጋዴ ሞተሩን በግማሽ ዋጋ ሊወስድባቸው መጥቶ ነበር። የሁለት ዓመት ቡና በግማሽ ሊሄድ ነው። "ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ" አልኩና ሞተሩን በፒካፕ ላይ አስጭኜ ቦንጋ ይዤው ሄድኩ።

ቦንጋ ያየሁት

መካኒኩ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ካቻቢቴ ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳ። ቁልፉን ከፈተና ዝም ብሎ መብራቷን ያይ ጀመር። መብራቷ አንዴ ብልጭ ትላለች፣ ታርፋለች፤ ደግሞ አንዴ ብልጭ ትላለች።

"ወንድሜ፣ ምን እያየህ ነው?" አልኩት።

"እየነገረችኝ ነው" አለኝ። "ይሄ ሞተር ሲታመም የታመመበትን ቦታ በብልጭታ ይቆጥራል። በዚህ ሞተር አንድ ብልጭታ ማለት የአየር ግፊት የሚለካው ሴንሰር ነው።"

ከዚያ ወንበሩን ፈትቶ እያሳየ አስረዳኝ። እሱ የነገረኝንና እኔ በኋላ አንብቤ የጨመርኩትን አቀናጅቼ ላቅርብላችሁ።

ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን አየር አይስበውም። ታንኩ ውስጥ ያለች ትንሽ ፓምፕ በኃይል ትገፋዋለች፤ ኢንጀክተር የምትባል መርጫ ደግሞ ወደ አየር መግቢያው ትረጨዋለች። መርጫዋ የምትከፈተው ለሰከንድ ሺህኛ ጥቂት ክፍልፋዮች ብቻ ነው። ኢንጂኑ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር መርጫዋ በሰከንድ 50 ጊዜ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ትንሽ ረዘም ካለች ቤንዚን ይበዛል፤ ትንሽ ካጠረች ያንሳል። ስንት ጊዜ ክፍት ትሁን የሚለውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ዓይን የለውም። የሚያየው በሴንሰሮች ነው።

አንዱ ሴንሰር ጋዙን ምን ያህል እንደሳባችሁ ይነግረዋል። አንዱ ኢንጂኑ ስንት ጊዜ እየዞረ እንደሆነ ይቆጥራል። አንዱ የኢንጂኑን ሙቀት ይለካል፤ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ቤንዚን ጨምር ለማለት ነው፣ የድሮውን ቾክ ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። አንዱ የሚገባውን አየር ሙቀት ይለካል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሞቃት አየር የሳሳ ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ማርሚታው መነሻ ላይ ሌላ ሴንሰር አላቸው፤ እሱ በጭሱ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን መኖሩን ያሸታል። ይህኛው ወጥ ቀምሶ "ጨው አንሷል፣ ጨው በዝቷል" እንደሚል ሰው ነው። ከተሠራ በኋላ ቀምሶ ለሚቀጥለው ያርማል።

የከፍታውን ነገር የሚያውቀው ግን የግፊት ሴንሰሩ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ውስጡ እንደ ከበሮ ቆዳ የምትለጠጥ ስስ ነገር አለችው፣ አየር ሲጫናት ትጎብጣለች፣ ጉብጠቷ በኤሌክትሪክ ይነበባል። ቁልፍ ስትከፍቱ፣ ኢንጂኑ ገና ሳይነሳ፣ በአየር መግቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ግፊት ጋር እኩል ነው። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ያነባል፤ "ዛሬ የቆምኩበት ቦታ አየሩ ይህን ያህል ነው" ይላል። ከዚያ በመነሳት መርጫዋ የምትከፈትበትን ጊዜ ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። ብዙዎቹ እየሄዱም፣ በተለይ ጋዙ እስከ ጥግ ሲሳብ፣ እንደገና ይለካሉ። ትናንት የትም ይዋል፣ ሞተሩ ዛሬ የሚሠራው ዛሬ በለካው ነው።

"ታዲያ ሴንሰሩ ሲበላሽ ለምን ደጋው ላይ ባሰበት?" ብዬ ጠየቅሁት።

መካኒኩ ሳቀ። "ሴንሰሩ ሲጠፋበት ኮምፒውተሩ ሥራ አያቆምም። ሰውየውን በረሃ ላይ እንዳይጥለው አስቀድሞ የተጻፈለትን ቁጥር ይይዛል። በብዙዎቹ ያ ቁጥር የባሕር ወለል ነው። ይሄ ሞተር ቢታ ገነት ላይ ቆሞ ጅቡቲ ወደብ ያለ መስሎታል። የጅቡቲን አየር አስቦ ቤንዚን ያፈሳል፤ የጅቡቲ አየር ግን እዚህ የለም።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሴንሰሩ ራሱ አልተበላሸም ነበር። ከታጠበ በኋላ ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ የመዳብ ጥርሶቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ጎረምሳው ነቅሎ ሲሰካ ደግሞ በደንብ አልያዘም። መካኒኩ ጥርሶቹን አጸዳ፣ አደረቀ፣ ጠቅ እስኪል ሰካ። ጎረምሳው ያዞረውን ዊንጣ ወደ ቦታው መለሰ፣ አዲስ ካንዴላ አስገባ፣ የተቀመጠውን የብልሽት መዝገብ አጠፋ። ቁልፍ ሲከፍት መብራቷ በርታ ጠፋች። ለሁሉም ከካንዴላው ጋር የከፈልነው ጎረምሳው ከወሰደው ያንሳል።

እኔስ?

ከቦንጋ ስመለስ ሞተሩን እየነዳሁ ነበር። ውሽውሽን አልፌ ዳገቱን ስወጣ ምንም አላቃሰተም። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር የማስበው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለቀበሌው ሁሉ አንድ ዓይነት የበቆሎ ዘር ምክር ሰጥቼ ነበር፤ ቢኤች 540። ጥሩ ዘር ነው፣ ነገር ግን የተመከረው ከ1000 እስከ 2000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከቀበሌያችን ላይኛው ጫፍ የሚኖሩ አንዲት እናት "ልጄ፣ ይሄ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ? እኛ ጋ ብርዱ ሌላ ነው" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ የስልጠና ደብተሬን አይቼ "ይደርሳል እማማ" አልኳቸው። ማሳቸውን አላየሁም። ከፍታውን በስልኬ አልለካሁም፤ ስልኬ ግን በኪሴ ነበር። በቆሎው አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፣ ዘገየ፣ ፍሬው ሳይደርቅ ዝናብ አገኘውና አበሰበሰው። ለዚያ ከፍታ እንደ ጅባት ያሉ ለደጋ የወጡ ዘሮች ነበሩ። እኔም ጅቡቲ ነበርኩ ማለት ነው። የተጻፈልኝን ቁጥር ይዤ፣ የቆምኩበትን ሳልለካ፣ ማፍሰስ።

በስልክ ለጋሼ የሰጠሁትም ምክር ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፤ ሳላይ አልመክርም። በስልክ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ጥያቄ የማበዛባችሁ ለዚህ ነው፤ አትሰልቹኝ።

አሁን ወደ ሥራው፦ ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ሞተራችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ቁልፍ ስትከፍቱ ከታንኩ ውስጥ ለሁለት ሰከንድ ያህል "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ የኢንጂን ሥዕል ያለባት መብራትም በርታ ከጠፋች፣ ባለ ኢንጀክሽን ነው። ከታንኩ ሥር የቤንዚን መክፈቻና መዝጊያ፣ የሚሳብ ቾክም ካለው ባለ ካርቡሬተር ነው። የኢንጀክሽን ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1980 በዜድ 1000 ሞተር ላይ ለገበያ አውጥቶታል። በትንንሾቹ የሥራ ሞተሮች ላይ የበዛው ግን በቅርቡ ነው። ህንድ ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2020 ጀምሮ ቢኤስ 6 የሚባል ጠንካራ የጭስ ሕግ ስላወጣች ፋብሪካዎቿ አገር ውስጥ የሚሸጡትን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ኢንጀክሽን አዞሩ። እኛ ጋ አሁንም ባለ ካርቡሬተሩ ብዙ ነው።

ባለ ኢንጀክሽን ለሆነላችሁ፦

1. ቁልፍ ከፍታችሁ ጠብቁ። ፓምፑ "ዝዝ" ብሎ እስኪያበቃ፣ መብራቷ እስክትጠፋ፣ ጋዝ ሳትነኩ። ሁለት ሰከንድ ናት። ሞተሩ የቆመበትን ቦታ የሚለካው ያኔ ነው። ረጅም ዳገት ወጥታችሁ አካሄዱ ካላማራችሁ ደህና ቦታ ቁሙ፣ ቁልፉን ዝጉ፣ አሥር ቁጠሩ፣ እንደገና ክፈቱ።

2. መብራቷ እየሄዳችሁ ከበራች ሥራ ላይ ናት፤ በፕላስተር አትሸፍኗት። ይህን ያደረገ ሰው አይቻለሁ! ብልጭታዋን ቁጠሩና ጻፉ፣ ወይም በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ለመካኒኩ አሳዩ። የብልጭታው ትርጉም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ የጋሼን ሞተር ቁጥር ለእናንተ ሞተር አትውሰዱት።

3. ስታጥቡ ወንበር ፈትታችሁ ውሃ አትድፉ። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የእኛ አገር ዝናብ ብቻውን ይበቃዋል። ሶኬት የተነቀለበት ቦታ ካያችሁ ደረቅ መሆኑን አይታችሁ ጠቅ እስኪል ስኩ።

4. ቤንዚን እስኪያልቅ አትንዱ። ታንኩ ውስጥ ያለችውን ፓምፕ የሚያቀዘቅዛት ቤንዚኑ ራሱ ነው። የሃይላንድ ቤንዚን ከመንገድ ዳር ስትገዙ በብርሃን አይታችሁ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱ። ጨርቁ ቆሻሻውን ይይዛል እንጂ ውሃውንና ላምባውን አይለይም፤ ስለዚህ ከምታምኑት ሰው ግዙ። ካርቡሬተር ትንሽ ቆሻሻ ይታገሳል፣ መርጫዋ ግን አትታገስም።

5. ባትሪውን ጠብቁ። ባለ ካርቡሬተሩ ባትሪው ቢሞትም ብዙ ጊዜ በእርግጫ ይነሳል። ባለ ኢንጀክሽኑ ግን ባትሪው ፈጽሞ ከሞተ ፓምፑም ኮምፒውተሩም አይሠሩም፣ ቢገፋም አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል።

6. "ዊንጣውን ትንሽ ላዙርልህ" የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ "ብልጭታው ስንት ነው?" በሉት። ካላወቀ አመስግናችሁ ሸኙት። እኔንም ጭምር።

ባለ ካርቡሬተር ለሆነላችሁ ደግሞ፦ የምትኖሩትም የምትሠሩትም ደጋ ላይ ከሆነ፣ ካንዴላውም ሁልጊዜ ጥቁር ከሆነ፣ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፤ የታፈነ ፊልትሮም ያንኑ ምልክት ያሳያል። ካልተስተካከለ መካኒክ አነስ ያለች ጄት ሊቀይርላችሁ ይችላል። ነገር ግን ያንን ሞተር ይዛችሁ ወደ ጋምቤላ ቆላ ብትወርዱ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ኢንጂን ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስተኑን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ከበዛበት ያነሰው ይብሳልና፣ ለቆላ ጉዞ ጄቷን መልሱ።

አንድ ነገር ደግሞ አትሳቱ። ሴንሰር አየር አይፈጥርም። ባለ ኢንጀክሽኑ ቤንዚኑን ላለው አየር ይመጥነዋል፣ ያልነበረውን አየር ግን አያመጣም። በየ1000 ሜትሩ የኢንጂን ጉልበት በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የቱንም ያህል ውድ ሞተር ቢሆን። 2000 ሜትር ላይ ከአምስት እጅ አንዱ ጉልበት የለም ማለት ነው። ሻጩ የነገራችሁ ጉልበት ቆላ ላይ የተለካ ነው። ስለዚህ ደጋ ዳገት ላይ ኩንታል ጭናችሁ፣ ሁለት ሰው ደርባችሁ፣ በአራተኛ ማርሽ አትታገሉ። ማርሽ ቀንሱ፣ ጭነት ቀንሱ።

ሞተሩን ለጋሼ ያስረከብኩት ማታ ነው። ቁልፉን ሰጠኋቸውና ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ፣ ለጎረምሳው የከፈሉትንም 1500 ብር ከደመወዜ እንደምመልስላቸው ነገርኳቸው። "ብሩን ተወው" አሉ። "ይልቅ ያቺን መብራት አስተምረኝ።" ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው በራፉ ላይ ቆሙ፤ ቀናቸው ደርሷል፣ ያስታውቃል። ሦስታችንም በጨለማው ቁልፉን ከፍተን ጠበቅን። ፓምፑ "ዝዝ" አለ፣ መብራቷ በራች፣ ጠፋች።

"በቃ?" አሉ ጋሼ።

"በቃ ጋሼ። አሁን የት እንዳለ ያውቃል።"

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሌሊት፣ ያው ሞተር ሳያቃስት ጤና ጣቢያ ደረሰ። ሴት ልጅ ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ስማርት ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ በተለይ ሞተሩን ወንዝ ወስዶ ለሚያጥበው ልጅ። በሚቀጥለው ስለ ቡና ማድረቂያ አልጋ እንመለሳለን።